ለውጭ አገር ግብር የጠፋ የደመወዝ ማስረጃ፦ ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ ያሉት አገልግሎቶች ሲመዘኑ

ጥር ሲገባ ከዋሽንግተን፣ ከዳላስ ወይም ከቶሮንቶ ወደ አዲስ አበባ የሚደወል የተለመደ ስልክ አለ፦ «ወንድሜ፣ ከድሮው መሥሪያ ቤቴ የደመወዝ ማስረጃ አውጣልኝ፤ ታክስ የሚሠራልኝ ሰው ጠይቆኛል።» ስልኩ የደረሰው ዘመድ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመራው ወደ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ከሜክሲኮ አደባባይ ተነስቶ በለገሃርና በስታዲየም በኩል ፒያሳ እስኪደርስ ድረስ «ትርጉም፣ ውክልና፣ የሥራ ልምድ፣ ሰነድ ማረጋገጥ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ቢሮ አያጣም። እዚህ የምንመዝነው እነዚህን አገልግሎቶች በየዓይነታቸው ነው። የቢሮ ስም አንጠራም፤ ቢሮው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይዛወራል፣ የሥራው ዓይነት ግን ያው ነው።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። በዚህ ሥራ የሚወጣው ገንዘብ በአብዛኛው የሚሄደው ለማኅተም ነው። የውጭ አገር ግብር አሳዋቂ የሚያስፈልገው ግን በየወሩ ስንት እንደተከፈለ፣ ከዚያ ላይ ስንት የሥራ ግብር እንደተቆረጠና ብሩ በየትኛው ቀን እጅ እንደገባ የሚያሳይ አንድ ሠንጠረዥ ነው። ይህን የሚያመጣ ቢሮ ዋጋው ይገባዋል።

ማስረጃው መጀመሪያውኑ ያስፈልጋል?

ሥራውን የሚያውቅ ቢሮ በመጀመሪያ ጥያቄው ይለያል። «ሰውየው መቼ ነው አሜሪካ የገባው? ባለትዳር ነው? ከባለቤቱ ጋር ነው የሚያሳውቀው?» ብሎ ከጠየቀ ቁጭ ብሎ ማነጋገር ይቻላል። «ስንት ኮፒ ልሥራ?» ብሎ ከጀመረ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ውጡ።

በዲቪ ወይም በቤተሰብ በኩል የኢሚግራንት ቪዛ አግኝቶ በዓመቱ መካከል አሜሪካ የገባ ሰው በመደበኛው አሠራር ለግብር ነዋሪ ተብሎ የሚቆጠረው ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ሠርቶ እዚሁ የተቀበለውን ደመወዝ የአሜሪካ ግብር አይነካውም። ስለዚህ ያላገባና በጁን የገባ ሰው ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ስለተከፈለው ደመወዝ ማስረጃ ፍለጋ ብር የሚያወጣበት ምክንያት የለውም። ይህን ሳይነግሩት አገልግሎቱን የሚሸጡለት ግን ሞልተዋል።

ባለትዳር ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። በዓመት መካከል ነዋሪ የሆነ ሰው ስታንዳርድ ዲዳክሽን የሚባለውን ቋሚ ቅናሽ አያገኝም፤ ከትዳር ጓደኛውም ጋር በአንድ ቅጽ ማሳወቅ አይችልም። እነዚህን ለማግኘት ባልና ሚስት ዓመቱን ሙሉ እንደ ነዋሪ ለመቆጠር መምረጥ አለባቸው። ይህን ከመረጡ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ የትም አገር ያገኙት ገቢ ሁሉ ቅጹ ላይ ይሰፍራል፣ የአዲስ አበባው ደመወዝ ጭምር። በአሜሪካና በኢትዮጵያ መካከል የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌለ፣ እዚህ የተከፈለውን ግብር እዚያ ማስቀነሻው ዋናው መንገድ ፎርም 1116 ነው። የተቆረጠው ግብር በየወሩ ተለይቶ መታወቅ ያለበት ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ የሥራ ግብር ምጣኔ ከፍ ያለ ስለሆነ በአግባቡ ከተሞላ በዚያ ደመወዝ ላይ ለአሜሪካ የሚተርፍ ግብር ብዙ ጊዜ አይኖርም፤ ግን የግብሩ አኃዝ ከሌለ ቅናሹም የለም።

ከገባ በኋላ የተከፈለ ገንዘብም አለ። የስንብት ክፍያ፣ በገንዘብ የተለወጠ የዓመት ፈቃድ፣ የዘገየ ቦነስ፤ እነዚህ ሰውየው አሜሪካ ከደረሰ በኋላ አካውንቱ ውስጥ ከገቡ፣ ሥራው የተሠራው ቀደም ብሎ ቢሆንም፣ የሚታየው ብሩ የገባበት ቀን ነውና ይቆጠራሉ። አዲስ አበባ የተከራየ ቤት ያለው ሰው የኪራዩ ገቢ፣ የቁጠባ ሂሳብ ያለው ደግሞ ወለዱ እንዲሁ ነው። ባንኩ ከወለዱ ላይ ግብር ቀንሶ ስለሚያስገባ የወለዱንና የተቀነሰውን ግብር መጠን ከሂሳብ መግለጫው ላይ ማግኘት ይቻላል።

ካናዳ የገባ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ከመግባቱ በፊት ያገኘው ገቢ ግብር ባይከፈልበትም፣ የልጆች ድጎማ ሲሰላ መንግሥት ይጠይቀዋል። እዚያ ሙሉ የወር ዝርዝር ሳይሆን በየጊዜው የተከፋፈለና ወደ ካናዳ ዶላር የተለወጠ ድምር ይበቃል።

የሥራ ልምድ አስወጪዎች

በዚህ መንደር በብዛት የሚገኘውም በጥራት ዝቅ የሚለውም አገልግሎት ይህ ነው። የቢሮው ተላላኪ ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤት ሄዶ ከሰው ኃይል ክፍል «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ያመጣል፦ እገሌ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት በዚህ የሥራ መደብ በወር ብር 12,000 እየተከፈለው አገልግሏል፣ ፊርማ፣ ማኅተም። በመጀመሪያ ነገር፣ ይህን ደብዳቤ አሠሪው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 መሠረት ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ በነጻ መስጠት አለበት፤ የሚከፈለው ለተላላኪው እግር ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ደብዳቤው የሚነግረን የመጨረሻውን ደመወዝ ነው። እሱን በ12 ማብዛት የዓመት ገቢ አይሆንም። በመካከል የደረሰ ጭማሪ፣ የትርፍ ሰዓት፣ የበዓል ቦነስ፣ ያለ ክፍያ የተወሰደ ፈቃድ ሁሉ ውጭ ይቀራሉ። ስለ ግብሩ ደግሞ አንድ ቃል የለም።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከተጠየቀው ክፍል ነው። ሰው ኃይል ያለው የግል ማኅደር ነው፤ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ፣ ማለትም ፔይሮሉ፣ ያለው ፋይናንስ ዘንድ ነው። ማመልከቻው ለፋይናንስ ክፍል ተጽፎ ወርና የተከፈለበት ቀን፣ መነሻ ደመወዝ፣ ግብር የሚከፈልበት አበል፣ ግብር የማይከፈልበት አበል፣ ጠቅላላ ድምር፣ የተቆረጠ የሥራ ግብር፣ የጡረታ 7 በመቶ፣ ሌላ ተቀናሽ፣ የተጣራ ክፍያ በየአምዱ ተለይቶ እንዲሰጥ በግልጽ መጠየቅ አለበት። ግብሩና ጡረታው «ተቀናሽ» ተብለው በአንድ ቁጥር ከመጡ ወረቀቱን መልሱት፤ ፎርም 1116 ሲሞላ ሁለቱ አንድ ላይ አይታዩም። ግርጌው ላይ የድርጅቱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ያለበት ቲተር፣ ክብ ማኅተም፣ የወጪ ቁጥርና ቀን ይኑሩ። ይህን ዝርዝር ጽፎ ከማመልከቻው ጋር የሚያያይዝ ጉዳይ አስፈጻሚ ካገኛችሁ ያዙት፤ ብዙ የሉም።

የፒያሳና የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል በኮሪደር ልማቱ ከፈረሰ ወዲህ ሌላ ሥራ ተጨምሯል። በድሮው ደብዳቤ አናት ላይ ያለው አድራሻ አሁን መንገድ ወይም ባዶ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ድርጅቱ ግን ሌላ ክፍለ ከተማ ገብቶ እየሠራ ነው። «ድርጅቱ የለም» ብሎ የሚመለስ ተላላኪ ሕንፃውን አጥቶ ነው ድርጅቱን አጣሁ የሚለው። መፈለጊያው የድርጅቱ መለያ ቁጥር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከድሮ ደረሰኝ ወይም ፔይስሊፕ (የወር ደመወዝ መግለጫ ወረቀት) ላይ ይገኛል።

ትርጉም ቤቶች

ፍጥነታቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ጠዋት የገባ ወረቀት ከሰዓት ይወጣል። ግን በቀን ላይ ይስታሉ፣ ስህተቱም ከባድ ነው። ፔይሮሉ ላይ «ሐምሌ 2015» ያለውን ሳያስሉ ወደ ጁላይ 2015 ያዞሩታል። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ቀን 2023 ነው። በስምንት ዓመት የተሳሳተ ማስረጃ ለአሜሪካ ሂሳብ ባለሙያ ሲላክ፣ እሱ ዓመቱን አይቶ «የማያስፈልግ ነው» ብሎ ያስቀምጠዋል።

ከዚህ የረቀቀው ስህተት የዓመት ድንበር ላይ ነው። የአሜሪካ የግብር ዓመት ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ነው፤ የእኛ ታኅሣሥ ግን ሁለቱን ዓመት ይረግጣል። ታኅሣሥ 2016 የጀመረው ዲሴምበር 11 ቀን 2023 ሆኖ ያለቀው ጃንዋሪ 9 ቀን 2024 ነው። መሥሪያ ቤቱ ከገና በፊት፣ ታኅሣሥ 26 ቀን ከከፈለ ብሩ የገባው ጃንዋሪ 5 ቀን 2024 ነው፤ የወሩ ሥራ አብዛኛው የተሠራው በ2023 ቢሆንም ደመወዙ የ2024 ነው። «የታኅሣሥ ደመወዝ» ብቻ ብሎ የተረጎመ ቢሮ ይህን ማወቂያ መንገድ ዘግቷል። እያንዳንዱ ክፍያ በሁለቱም አቆጣጠር ቀኑ ይጻፍ ብላችሁ ስታስገቡ ንገሩ፤ ካለቀ በኋላ ማስተካከያ እንደ አዲስ ገጽ ያስከፍላል። የወር ደመወዝተኛ ለጳጉሜን ለብቻው ስለማይከፈለው በዓመት 12 ክፍያ እንጂ 13 አይጠበቅም፤ ይህንንም በአንድ መስመር ማስታወሻ ማስፈር የውጭውን አንባቢ ከጥርጣሬ ያድነዋል።

የስም አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። ፔይሮሉ ላይ በአማርኛ ሦስት ስም አለ፤ አሜሪካ ውስጥ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኗል፤ ተርጓሚው በራሱ ምርጫ ሲጽፈው ሌላ ሰው ይመስላል። የፓስፖርቱን የመጀመሪያ ገጽ ኮፒ ከሰነዱ ጋር መስጠት ይበቃል።

ትርጉም ቤቶቹ አብረው የሚሸጡት ጥቅል አለ፦ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ማስረገጥ፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ አንዳንዴም ኤምባሲ። ለትምህርት ወይም ለኢሚግሬሽን ከሆነ ተቀባዩ ሊጠይቅ ይችላል። ለግብር ብቻ ከሆነ ግን አትክፈሉ። የደመወዝ ዝርዝሩ ከግብር ማሳወቂያው ጋር አይያያዝም፤ ቤት ይቀመጥና የአሜሪካው ግብር መሥሪያ ቤት አይ.አር.ኤስ ከጠየቀ ተርጓሚው ትክክለኛነቱን በፊርማው ካረጋገጠው ትርጉም ጋር ይቀርባል። የማኅተሙ ሰልፍ ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ የተሳሳተ ቀን ያለበት ሰነድ ስድስት ማኅተም ቢያርፍበት ቀኑ አይታረምም።

የሂሳብ ባለሙያዎች

በዚህ ግምገማ አንደኛ የምናደርጋቸው እነዚህን ነው። ፈቃድ ያለው የሂሳብ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ አይለጥፍም፤ በነጋዴ ደንበኞቹ ይኖራል፣ ይህን ሥራ ትርፍ አድርጎ ይቀበላል። የሚሠራው ሦስት ወረቀት ማመሳከር ነው፦ የአሠሪው ፔይሮል፣ የባንክ የሂሳብ መግለጫና፣ ከተገኘ፣ አሠሪው ለገቢዎች በየወሩ ያስገባው የሠንጠረዥ «ሀ» (የደመወዝ ግብር) ዝርዝር። የባንክ መግለጫው የሚታተመው በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ የቀኑን ጉዳይ በአንድ ጊዜ ይፈታል።

ችሎታቸው የሚለየው ፔይሮል ሲጠፋና የባንክ መግለጫ ብቻ ሲተርፍ ነው። ባንክ የሚያሳየው የተጣራውን ነው፤ ጠቅላላውን ከዚያ ወደ ኋላ ማስላት ይቻላል። እስከ ሰኔ 2017 ዓ.ም. በሠራው በአዋጅ 979/2008 ምጣኔ ከብር 10,900 በላይ የሆነ ደመወዝ 35 በመቶ ግብር ተሰልቶ 1,500 ይቀነስለት ነበር፤ ጡረታው ደግሞ ከመነሻ ደመወዝ 7 በመቶ ነው። ስለዚህ ከተጣራው 1,500 ቀንሶ ለ0.58 ማካፈል ነው። በወር 8,460 ለገባለት ሰው፦ 8,460 ሲቀነስ 1,500 ይሆናል 6,960፤ ለ0.58 ሲካፈል 12,000። ማረጋገጫው፦ ከ12,000 ላይ ግብሩ 2,700፣ ጡረታው 840፣ ቀሪው 8,460። ከ7,800 በላይ እስከ 10,900 ላለው ቀመሩ 955 ቀንሶ ለ0.63 ማካፈል ነው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ 1395/2017 ነጻው መጠን ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሎ፣ 35 በመቶው ከ14,000 በላይ ላለው ስለሆነ፣ እዚያ ቀናሹ 2,050 ይሆናል። በወር 13,650 የገባለት ሰው ጠቅላላው 20,000 ነበር ማለት ነው። በድሮው ቀመር የሠራው ባለሙያ 20,948 ብሎ ይሰጣችኋል፤ የትኛውን አዋጅ እንደተጠቀመ ጠይቁት።

ቀመሩ የሚሰበርባቸው ቦታዎች አሉ። ጡረታ የሚሰላው በመነሻ ደመወዝ ላይ ብቻ ነው፤ አበል ያለው ሰው በዚህ ቀመር አይወጣም። የትራንስፖርት አበል እስከ ተወሰነ መጠን ግብር ስለሌለበት ለብቻው ማውጣት ይገባል። የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር ተቀናሽ፣ የደመወዝ ብድር ካለ ደግሞ ባንክ የገባው ከእውነተኛው የተጣራ ያንሳል፤ ሳይታወቅ ከተሰላ ጠቅላላው ያንሳል፣ ግብሩም አብሮ ያንሳል። በቀመር የተገኘ አኃዝ በቀመር መገኘቱ ከታች ይጻፍበት። እንደ ፔይሮል ግልባጭ ማቅረብ ውሸት ነው።

ምንዛሬውን ለአሜሪካው ባለሙያ መተው ይሻላል፤ በተለይ ለ2024። ብሩ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ማለትም ጁላይ 29 ቀን 2024 ነው፤ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እስከ ጁን ብቻ ደመወዝ ለተቀበለ ሰው የዓመቱን አማካይ ምንዛሬ መጠቀም ገቢውንም የተከፈለውን ግብርም በዶላር ያሳንሳል። በተከፈለበት ቀን ምንዛሬ ማስላት ይቻላል፤ ለዚህም ነው የክፍያውን ቀን ደጋግመን የምንጠራው።

አሠሪው በእርግጥ ከተዘጋ

ያኔ ሁለት መዝገብ ይቀራል። አንዱ የጡረታ መዋጮ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆነ መዋጮው በግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና በስሙና በጡረታ መለያ ቁጥሩ ይመዘገባል። ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11፣ ድምሩ 18 በመቶ ነው። በወር 2,160 ከተመዘገበለት ለ0.18 ሲካፈል መነሻ ደመወዙ 12,000 ይሆናል። አበሉን አያሳይም፤ በጡረታ ፋንታ በፕሮቪደንት ፈንድ የታቀፈ ሠራተኛም እዚያ ላይገኝ ይችላል። ሁለተኛው አሠሪው ይገብርበት የነበረው የገቢዎች ቅርንጫፍ ነው፦ ከፍተኛ ግብር ከፋይ፣ መካከለኛ ግብር ከፋይ፣ ወይም ግለሰብ ነጋዴ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት። የግብር መረጃ በሕግ ምስጢር ስለሆነ የድርጅቱን ሙሉ ዝርዝር አይሰጡም፤ የሚጠየቀው በሠራተኛው በራሱ መለያ ቁጥር ላይ የተመዘገበው ነው። «ክሊራንስ» የሚል ማመልከቻ አታስገቡ፤ ክሊራንስ ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት ነው፣ ገቢ አይናገርም። የድሮ ወረቀት ላይ የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን የሚል ማኅተም ቢገኝ ችግር የለውም፤ መሥሪያ ቤቱ በ2011 ዓ.ም. ለሁለት ከመከፈሉ በፊት የተሰጠ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 30 ነጋዴው ዓመታዊ ግብሩን የሚያሳውቅበት ስለሆነ ጉዳያችሁን ከኅዳር በኋላ ማድረግ ይቀላል።

ውክልናው

ሥራው የሚቆመው ብዙ ጊዜ ባንክ መስኮት ላይ ነው። «በማንኛውም ጉዳይ ይወክለኝ» የሚለው ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ እንጂ ለሁሉም አይበቃም። ውክልናው ላይ አራት ነገር በስም ይጻፍ፦ የባንክ ሂሳብ መግለጫ ማውጣት ከነሂሳብ ቁጥሩ፣ ከቀድሞ አሠሪ የደመወዝና የግብር ዝርዝር መረከብ፣ ከገቢዎች መረጃ መጠየቅ፣ ከማኅበራዊ ዋስትና የመዋጮ መግለጫ መቀበል። ውጭ ያለው ሰው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አስፈርሞ ይልካል፤ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ያስመዘግበዋል። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ሰነዱ ይመለሳል። ለዚህ ክፍል ጉዳይ አስፈጻሚ መቅጠር የሚያስቆጭ አይደለም፤ ሰልፍ የሚያውቅ ሰው ቀን ያተርፋል። ተወካዩ ግን ዘመድ ይሁን፤ ጉዳይ አስፈጻሚው በባንክ ሂሳባችሁ ላይ ተወካይ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ከአሜሪካ ተመልሶ አዲስ አበባ ላለ

የተገላቢጦሹም አለ፦ አሜሪካ ሠርቶ ተመልሶ፣ ደብልዩ-2 (የአሜሪካ አሠሪ የሚሰጠው የዓመት ደመወዝና የግብር ማስረጃ) ወደ ድሮ አድራሻው ተልኮ የጠፋበት። «እናስመጣልዎ» ለሚሉ ቢሮዎች መክፈል አያስፈልግም። አሠሪው እስከ ጃንዋሪ 31 መላክ አለበት፤ ፌብሩዋሪ ካለቀ በኋላም ካልመጣ ለአይ.አር.ኤስ መንገር ይቻላል። በአይ.አር.ኤስ የግል አካውንት የደመወዝና ገቢ ትራንስክሪፕት በነጻ ይወርዳል፤ ማንነት ማረጋገጫው ከአዲስ አበባ ካልሠራ ፎርም 4506-ቲ ተሞልቶ ይላካል። ትራንስክሪፕቱ የክፍለ ግዛት ግብር አያሳይም፤ የመጨረሻው ፔይስሊፕ ያኔ ይጠቅማል። ማስረጃው ጭራሽ ካልተገኘ ደብልዩ-2ን የሚተካው ፎርም 4852 ነው። ይህን ፎርም ለኢትዮጵያ አሠሪ የሚሞሉ አሉ፤ ስህተት ነው፣ የኢትዮጵያ አሠሪ መጀመሪያውኑ ደብልዩ-2 አያወጣም።

ዋጋና ሐሰተኛ ወረቀት

ክፍያ በጥቅል አትስማሙ። የመንግሥት ክፍያው በደረሰኝ ለብቻ፣ የትርጉሙ በገጽ ለብቻ፣ የድካሙ ለብቻ ይነገራችሁ። ቀሪ ሂሳቡን ሠንጠረዡን አይታችሁ፣ ስሙንና ቀኖቹን አመሳክራችሁ ክፈሉ። ልኩንም አስቡት፦ በወር 12,000 ብር የዓመት ድምሩ 144,000 ነው፤ በ57 ብር ሲመነዘር 2,500 ዶላር ገደማ። ለዚህ መጠን በመቶዎች ዶላር የሚጠይቅ «ሙሉ ፓኬጅ» ከሚያድነው ግብር ሊበልጥ ይችላል። የባንክ መግለጫና የፋይናንስ ደብዳቤ ለብዙ ሰው ይበቃል።

«ድርጅቱ ከተዘጋ እኛ እንሠራልሃለን» ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚነግር ቢሮም አለ። የተሠራ ማኅተምና የተሠራ ፔይስሊፕ ነው የሚሰጠው። የአሜሪካ ግብር ማሳወቂያ በሐሰት መማል እንደሚያስቀጣ ታውቆ የሚፈረም ሰነድ ነው፤ እዚህም ሐሰተኛ ሰነድ ወንጀል ነው። ከላይ እንዳየነው በጡረታ መዋጮና በባንክ መግለጫ እውነተኛው አኃዝ ስለሚወጣ ለዚህ የሚዳርግ ችግር እምብዛም የለም። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም ለማንኛውም የአዲስ አበባ ቢሮ አትስጡ፤ ከኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት ማስረጃ ለማውጣት የሚሞላ አንድም ቅጽ አይጠይቀውም።

ወረቀቱ እስከ ሚያዝያ 7፣ ማለትም ኤፕሪል 15፣ ካልደረሰ አሜሪካ ያለው ሰው ፎርም 4868 አስገብቶ እስከ ኦክቶበር 15 ማራዘም ይችላል። የሚራዘመው ማሳወቁ ነው፤ ግብር ካለበት ክፍያው አይራዘምም፣ ስለዚህ በግምት ይከፍላል። እስከ ጁን 15 ያለ ማመልከቻ የሚሰጠው ተጨማሪ ጊዜ ከአሜሪካ ውጭ ለሚኖሩ ስለሆነ ዳላስ ያለው ወንድማችሁ አይጠቀምበትም። ካስገባ በኋላ የተሻለ አኃዝ ከአዲስ አበባ ቢመጣለት በ1040-ኤክስ ያስተካክላል፤ ተመላሽ ለመጠየቅ በአጠቃላይ ካሳወቀበት ጀምሮ ሦስት ዓመት አለው።